ደንገጎ ሲጠቁር፦ የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ እንደ ጉዳይ ጥናት

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው "ይሄ ወንዝ ነው" ብትሉት ይስቃል። ውሃው የታለና! ደቻቱ ዓመቱን ከሞላ ጎደል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ግመል ይሻገርበታል። ነጋዴ ሸራውን ዘርግቶ ሰልባጅ ይሸጥበታል። ከዚራንና መጋላን የሚለያቸው ይኸው ደረቅ አሸዋ ነው። በአንደኛው ዳር የባቡር ሰዎች በገመድ የለኳቸው የሚመስሉ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ በሌላው ዳር የመጋላ ገበያና ጠባብ ሰፈር።

የድሬ ሰው ግን አሸዋውን ሙሉ በሙሉ አያምነውም። ዓይኑን ወደ ደቡብ ይጥላል፤ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ደንገጎ። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሙቀቱ እየጠበሰን፣ ደንገጎ ከጠቆረ ነገር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት የተሳፈርኩበት የባጃጅ ሹፌር በአሸዋው ሊያቋርጥ ጀምሮ ድንገት መሪውን አዞረ። "ምነው?" አልኩት። በአገጩ ወደ ተራራው እያሳየኝ፣ "አቦ፣ ደንገጎን አታየውም እንዴ? በድልድዩ እንዙር" አለኝ። ዝናብ ጠብ አላለብንም። ያን ቀን ውሃም አልመጣም። እሱ ግን የዞረበትን አስከፈለኝ።

ከፈልኩ። እስከዛሬም ቅር አላለኝም። ሹፌሩ በአንድ እይታ የሠራውን ሥራ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት በስልክ፣ በደብዳቤና በስብሰባ ነው የሚሠራው። ተራራውን ማየት፣ ለሰው መንገር፣ መንገድ ማስቀየር፣ ሂሳቡንም ማወራረድ። ይህን እንዴት እንደሚሠራና የት የት እንደሚያስቸግር ለማየት የ1998ቱን ጎርፍ ያህል ግልጽ ጉዳይ አላገኘሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ያቺ ሌሊት

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ቅዳሜ ነበር። ለእሑድ አጥቢያ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ደቻቱ መጣ። እኛ ወንዙን "መጣ" ነው የምንለው። ሞላ አንልም። የሚሞላ ወንዝ ቀስ ይላል፤ ዳር ቆመህ ስትጨምር ታየዋለህ። ይሄኛው ግን እንደ መኪና ነው። ድምፁን ሰምተህ ዞር ስትል አጠገብህ ነው።

ባዶውንም አልመጣም። ድንጋይ፣ ግንድና ጭቃ እያንከባለለ፣ የወሰደውን ቤት ቆርቆሮ እየጎተተ ነው የመጣው። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ200 በላይ ደግሞ የደረሱበት አልታወቀም ተባለ። 10 ሺህ ገደማ ሰው ቤቱን ለቀቀ። በ1999 በተካሄደው ቆጠራ የድሬዳዋ ሕዝብ ከገጠሩ ጋር 340 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚህ ላይ ሲታይ ቁጥሩ ከተማውን ምን ያህል እንደነካ ይገባችኋል። ለቅሶ ያልሄደ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ሄዷል።

ለምን ያን ያህል ሰው አለቀ? መልሱ ከፊሉ መልክዓ ምድር ነው። ከተማው ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከኋላው ያለው ተራራ በአጭር ርቀት 2000 ሜትርን ያልፋል። ቁልቁለቱ ተራቁቷል፤ ዛፉ ማገዶና ከሰል ሆኗል፤ አፈሩ ውሃ አይዝም። ላይ የጣለው ዝናብ መሬት ሳይጠጣው ወደ ታች ይወርዳል። ታች ደግሞ ሰው ወንዙ ዳር፣ አንዳንዱ ወንዙ ውስጥ፣ ቤት ሠርቷል። ደረቅ መሬት ነዋ። ርካሽ ነው። ለገበያም ቅርብ ነው።

ቀሪው ምክንያት ሰዓቱ ነው። ቀን ቢሆን አንድ ሰው "ውሃ!" ብሎ ይጮሃል፤ ሌላው ልጁን ታቅፎ ይሮጣል። ሌሊት ግን ሰውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ነገር መኖር አለበት። ያኔ አልነበረም። ሞባይል የሁሉ እጅ አልገባም። በሞባይል የጽሑፍ መልዕክት መላክማ ጭራሽ አይቻልም ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አገልግሎቱ ተዘግቶ የተከፈተው በሚሊኒየሙ መባቻ ነው። ዛሬ "ለሁሉም መልዕክት ይላክ" ማለት ቀላል ነው። በዚያ ክረምት መላኪያው ራሱ የለም።

አንድ ውሃ፣ ሦስት አስተዳደር

ስለ ማስተባበር ስናወራ ቶሎ የምንረሳው ነገር አለ። ወንዝ የክልል ወሰን አያውቅም። ደቻቱን የሚሞላው ዝናብ ከፊሉ በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች፣ ከፍ ያለው ደግሞ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ላይ ይጥላል። ውሃው ከተማውን ሰንጥቆ ያልፍና በስተሰሜን ወደ ሽኒሌ፣ ወደ ሶማሌ ክልል ይወርዳል። ድሬዳዋ ራሷ በ1996 ቻርተር ያገኘች፣ ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግሥት የሆነ አስተዳደር ናት። ጎርፉ ሲመጣ ቻርተሩ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ የከተማውን መሥሪያ ቤት አስቡት። አደጋው በአብዛኛው የሚፈጠረው እሱ በማያዝበት መሬት ላይ ነው። ተዳፋቱ ላይ ዛፍ ይተከል ብሎ ማዘዝ አይችልም። ላይ ያለው የቀበሌ ሊቀመንበር የእሱ ሠራተኛ አይደለም። ሌሊት ዝናብ ሲያይ ለእሱ እንዲደውል የሚያስገድደው ደንብ የለም። ውሃው የወሰደውን ለመፈለግም ወደ ሌላ ክልል መውረድ አለበት። ሥልጣኑ መሐል ላይ ባለችው ከተማና በገጠር ቀበሌዎቿ ላይ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ በሙሉ የሚወርደውም እዚያው ላይ።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዋናው ሥራ ትዕዛዝ መስጠት አይደለም። ትውውቅ ነው። ደንገጎ ላይ ያለውን ሰው በስሙ የሚያውቅ፣ ስልኩን የያዘ፣ በበጋ ሄዶ ሻይ የጠጣ ባለሙያ ያስፈልጋል። "ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ ከእንትን ቢሮ ነኝ" ተብሎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አይጀመርም። ይህን አንድ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤቴም ደጋግመው ያነሱታል። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በወረቀት ሥራ ነው። ግን ስልክ ቁጥር የሚጽፉባት ትንሽ ማስታወሻ ደብተራቸውን ዛሬም ከኪሳቸው አያወጧትም። ማኅተሙን ለቢሮው አስረክበዋል፤ ደብተሯን ግን አላስረከቡም። ጥሩ አይመስለኝም። ለተተኪው መሰጠት የነበረበት እሷው ነበረች።

በድርቅ ልክ የተሰፋ ልብስ

አሁን ስለ መሥሪያ ቤቱ አመጣጥ ትንሽ እናውራ። ምክንያቱም የጎርፉ ዕለት የታየው ችግር ብዙው ከዚህ ይመዘዛል።

በአገራችን የአደጋ መሥሪያ ቤት የተወለደው ከረሃብ ነው። በወሎው ረሃብ ማግስት፣ በ1966፣ የዕርዳታ ማስተባበሪያው ተቋቋመ። በ1986 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ ወጣ። ኮሚሽን ተባለ፣ ኤጀንሲ ተባለ። የክልሎቹም ቢሮዎች በዚሁ ልክ ተሰፉ። ሁሉም የተሠራው ለድርቅ ነው።

ድርቅ ደግሞ ቀስ ያለ አደጋ ነው። በልግ ይቀራል። ባለሙያ ወጥቶ ሰብሉን ያያል፤ የከብት ዋጋ ይጠይቃል። ሪፖርት ይጻፋል። ስንት ሰው፣ ስንት ኩንታል፣ ለስንት ወር ይባላል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ጥቂት ጥራጥሬ፣ ጥቂት ዘይት ተብሎ ይባዛል። መኪና ይጫናል። ሥራው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች በሴፍቲኔት ተደግፎ ክፉ ቀን ያለፈ ብዙ ቤተሰብ አለ። ሥራው ግን በወራት የሚለካ ነው።

ጎርፍ በደቂቃ ነው። ከቤቱ በሌሊት ልብስ የወጣ ሰው 15 ኪሎ ስንዴ ቢሰጡት ምን ያደርገዋል? ድስት የለውም። ማገዶ የለውም። ወፍጮ ቤት የሚወስድበት ጆንያም፣ ሳንቲምም የለውም። የሚፈልገው ዳቦ፣ ውሃ፣ ብርድ ልብስና የልጁን ዜና ነው። ለድርቅ የተዘጋጀ መጋዘን ደግሞ እህል እንጂ ጀሪካንና ሸራ በበቂው አይኖረውም። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍሉም ቢሆን የሚጠብቀው የዝናብ መቅረትን እንጂ መብዛትን አይደለም። አንድ ስም፣ "ቅድመ ማስጠንቀቂያ"፣ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎችን ተሸክሟል።

በዚያ ሰሞን ፌደራሉም ቢሆን ፋታ አላገኘም። የድሬዳዋው ጎርፍ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ኦሞ ወንዝ በዳሰነች ሞልቶ 364 ሰዎች ሞቱ። በሰሜንም ጎርፍ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ጀልባና ድንኳን ላኪ ለማን ቀድሞ ይላክ? ከላይ እርዳታ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የከተማ ቢሮ እንዲህ ባለ ሳምንት ብቻውን ይቀራል።

ደብተሩ

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጎረቤት ናቸው። ይህ የትም አገር እንደዚያው ነው። ገመድ የወረወረ፣ ጣሪያ ላይ የወጣ፣ በር የሰበረ ጎረቤት ነው። ከዚያ ፖሊስ፣ መከላከያና ቀይ መስቀል ደረሱ። ቁስለኛው ወደ ሆስፒታል ሄደ። ፍለጋው በአሸዋ ውስጥ ሆነ፤ ጎርፉ የጣለው ደለል የሸፈነውን ሁሉ መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ነገር ብዙ ማለት አልፈልግም። ያየ ያውቀዋል።

እኔ የማውቀው ደብተሩን ነው። ተፈናቃዮች በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስም የምጽፍበት አንድ ክፍል ደረሰኝ። ጠረጴዛ፣ ባለ 50 ገጹ ደብተር፣ ቢክ እስክሪብቶ። በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የጠፋ ሰው። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ፊቴ ቆሙ። "የቤት ቁጥር?" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ቤቱ የለማ! ቁጥሩ የተጻፈባት የቆርቆሮ ቁራጭ ከበሩ ጋር ሄዳለች። መታወቂያቸውም ቤት ውስጥ ነበር። "እናቴ፣ ጎረቤትዎ ማን ነበሩ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ስም ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ያንን ዓምድ ሰርዤ "ጎረቤት" ብዬ ጻፍኩበት። ሰው በጎረቤቱ ሲጻፍ ቶሎ ይገኛል። ሁለቱ አንዳቸው የሌላቸውን ስም ከጠሩ፣ በቃ፣ አንድ ሰፈር ናቸው።

ሁለተኛው ችግር ፊደሉ ነው። ድሬ ላይ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ እያቀያየረ ይናገራል፤ ስሙም እንደዚያው ነው። እኔ "ፋጡማ" የጻፍኩትን ሌላው ክፍል ያለው ልጅ "ፋጢማ" ይለዋል፤ የሆስፒታሉ መዝገብ "ፋጡመ" ይለዋል። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ። አንዱ የአባቱን ስም ይሰጥሃል፤ ሌላው ሰፈር ውስጥ የሚጠራበትን ቅጽል። ማታ ላይ ሦስት ደብተር አንድ ላይ ስናገናኝ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ አገኘነው። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሦስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ሰው መስለው ሁለቱ ይሠረዛሉ።

ያጠፋሁት ጥፋትም አለ። አንድ ሕፃን በእናቱ የቤተሰብ ብዛት ውስጥ ቆጥሬ መዘገብኩት። በነጋታው አክስቱ ይዛው መጣች፤ ደግሜ መዘገብኩት። በእናቱ መስመር፣ "የጠፋ ሰው" በሚለው ዓምድ ደግሞ፣ እናቱ "አላገኘሁትም" ብላ ነበር። ማለትም ያ ልጅ በእኔ ደብተር በአንድ ጊዜ አለም፣ ሁለት ጊዜም አለ፣ የለምም። እናቱ ክፍል 4 ነበረች፤ አክስቱ ክፍል 7። በመሐላቸው ያለው ግቢው ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ግቢውን የሚያቋርጥ ወረቀት አጥተን ተላለፉ።

ማስተባበር ማለት ለእኔ ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው። ያንን ግቢ የሚያቋርጥ ወረቀት። ቀበሌው የራሱ ዝርዝር አለው። ፖሊስ የራሱ፣ ሆስፒታሉ የራሱ፣ ቀይ መስቀል ቤተሰብ ለማገናኘት የያዘው የራሱ። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሰው ከሌለ የሞተው ይጠፋል፣ የጠፋው ይሞታል። አወዳይ ከተማ ዘመድ ጋ ያደረ ሰው "የደረሰበት ያልታወቀ" ተብሎ ይቆጠራል። ለሥራ ወይም ለገበያ መጥቶ ወንዝ ዳር ያደረ እንግዳ ደግሞ ፈላጊም የለው፤ ተቆጣሪም አይሆን። ደባል፣ ተከራይ፣ ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው በቀበሌ መዝገብ የለም። በሕይወት እያለም በወረቀት አልነበረም።

ያተረፈን ነገር ቢኖር የዕድርና እንደ ዕድር ያለው የምሥራቁ መረዳጃ፣ የአፎሻ፣ መዝገብ ነው። እነዚህ ማኅበራት ማን የት እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ በወር ማን እንዳልከፈለ ጭምር ያውቃሉ። አንድ የአፎሻ ጸሐፊ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከኛ አምስት ዓምድ የእሳቸው ሁለት ዓምድ ይሻል ነበር። ዕድርና አፎሻን ለቀብር ብቻ የምንጠራቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። መሥሪያ ቤቱ በበጋ ላይ እነሱን ጠርቶ "ዝርዝራችሁን በየስድስት ወሩ እያደሳችሁ አንድ ኮፒ ስጡን" ቢል ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

እስከ መስከረም

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቀን መቁጠሪያ ሥራ ነው። ጎርፉ የመጣው ሐምሌ ማብቂያ ነው። ትምህርት መስከረም ላይ ይከፈታል። ተፈናቃዩን ያስጠለለው ግን ትምህርት ቤት ነው። በሳምንታት ውስጥ ለሺዎች ሌላ ቦታ ማግኘት፣ ድንኳን መትከል፣ ሽንት ቤት መቆፈር፣ ውሃ መሳብ ያስፈልጋል። አንዱ ከዘገየ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ሽንት ቤት ሳይቆፈር ሰው ድንኳን ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ በዚያው ዓመት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በአገሪቱ ይዞር ነበር። ስለዚህ ጤና ቢሮ "አይሆንም" ይላል፣ ትምህርት ቢሮ "ልቀቁልኝ" ይላል፣ መሬት አስተዳደር "ቦታው የተያዘ ነው" ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ግብረ ኃይል የሚባለው ነገር የሚመጣው። በእኛ አገር ችግር ሲወለድ መንታው ግብረ ኃይል ነው። ብዙ ጊዜ ስብሰባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሲሠራ ግን የሚሠራበት ምክንያት ይታወቃል፤ ከሰብሳቢው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ከሦስቱም ቢሮዎች በላይ ሲሆን ነው። የአደጋ መከላከል ኃላፊው ከጤና ኃላፊው እኩል ነው፤ ሊያዘው አይችልም። ከንቲባው ወይም ምክትሉ ሲሰበስብ ግን "ነገ ጠዋት" ከተባለ ነገ ጠዋት ይሆናል። ድሬዳዋ ደግሞ አንድ ዕድል አላት። ያኔ ከአስተዳደሩ እስከ 9ኙ የከተማ ቀበሌዎች መሐል ላይ ዞንም ወረዳም የለም። ትዕዛዙ በአንድ እርምጃ ሊወርድ ይችላል። በትልልቅ ክልሎች ያለ ሰው በዚህ ቢቀና አልፈርድበትም።

ተፈናቃዩ በኋላ በድንኳን ከረመ። ቤት ተሠርቶላቸው ከወንዙ ርቀው የሰፈሩ ብዙዎች ናቸው። የተወሰኑት ግን ቀን ቀን ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ቤቱ ሩቅ ነው፤ ገበያው ግን እዚያው ነው። ሰው የሚያድርበትን ማዛወር ይቻላል። የሚበላበትን ማዛወር ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ያ ደግሞ የአደጋ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የንግድ ቢሮው ሥራ ነው፤ ግብረ ኃይሉ ግን ያን ጊዜ ፈርሷል።

ግንቡ ከተሠራ በኋላ

ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር ግንብ ተሠራ። ጠቃሚ ነው፤ ቀላል የማይባል ውሃ መልሷል። ግን ሁለት ነገር አብሮት መጣ። አንደኛ፣ ከግንቡ ጀርባ ያለው ሰው ተዝናና። ግንቡን ተደግፎ ቤት ይሠራል፣ ሱቅ ይከፍታል። ሁለተኛ፣ አሸዋው። በመጣ ቁጥር ደለል ይጥላል፤ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ግንቡ በዚያው ልክ ያጥራል። አሸዋውን ማውጣት በየዓመቱ በጀት የሚፈልግ አሰልቺ ሥራ ነው። ሪባን አይቆረጥበትም። ስለዚህ ከበጀቱ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው።

በወረቀት በኩልም ብዙ ተለወጠ። የአደጋው ሥራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ገባ። በ2005 አዲስ ፖሊሲ ወጣ። የዚህ ፖሊሲ ትልቁ ነገር ቃሉ ነው፦ "አደጋ ስጋት ሥራ አመራር"። አደጋው ከደረሰ በኋላ ከመሮጥ ስጋቱን አስቀድሞ መቀነስ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ አደጋም ባለቤት ሰጠው። ጎርፍ የውሃው መሥሪያ ቤት፣ ወረርሽኝ የጤናው፣ የሰብል ጉዳት የግብርናው። የአስተባባሪው ሥራ ባለቤቶቹን ማገናኘት ሆነ። በ2008 እንደገና ኮሚሽን ሆነ፤ ብሔራዊ የሚል ስም ያዘ። በኋላም የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተባለ። ስሙ ሲቀየር ማኅተሙ ይቀየራል፣ ማኅተሙ ሲቀየር ደብዳቤ ይቆማል። ይህን ያየ ባለሙያ "አሁን ደግሞ ምን ልንባል ነው?" ቢል አይፈረድበትም።

በሚያዝያ 2012 ፈተናው ተመልሶ መጣ። ኮሮና አገር ውስጥ በገባ በሁለተኛው ወር ድሬ ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ወረደ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። አራትም ብዙ ነው። ከ1998ቱ ጋር እኩል ዝናብ ነበር ብዬ ላወዳድር አልፈልግም። የሚያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ የመጠለያው አንደኛ ደንብ "ሰው አሰባስብ" ነበር። በኮሮና ጊዜ አንደኛው ደንብ "ሰው አታሰባስብ" ሆነ። ሁለት አደጋ በአንድ ሳምንት ሲመጣ ባለቤቱ ማን ነው? የውሃው ወይስ የጤናው? ፖሊሲው በአንድ አደጋ አንድ ባለቤት ብሎ ሲያስብ እንደዚህ ያለውን ቀን አላሰበም።

ከዚያ በፊትም ምልክቱ ነበር። በ2006 ዴንጊ ከተማውን አተኮሰ። በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ መጣ፤ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ሰው በዱላ ተደግፎ ቢሮ ይገባ ነበር። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው። ውሃ የምናጠራቅመው ደግሞ ቧንቧው ስለሚጠፋ ነው። እንግዲህ የበርሜሉ ክዳን የጤና ቢሮ ነው፤ ቧንቧው የውሃ ቢሮ። ይኸውላችሁ፣ ያው ግቢ፣ ያው ወረቀት።

አሁን ከላይ የሚደወለው ስልክ ላይ ልመለስ። መሣሪያ ጥሩ ነው። የዝናብ መለኪያ፣ የወንዝ ከፍታ የሚያነብ ነገር፣ ሳይረን፣ ሁሉም ይግባ። ግን የማስጠንቀቂያው ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ያለው ቀለበት ሰው ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኩን የሚያነሳ ተረኛ አለ? ካነሳ በኋላ ማንንም ሳያስፈቅድ ማንቂያ የማስነሳት ሥልጣን አለው? ወይስ ለኃላፊው ይደውላል፣ ኃላፊው ለኃላፊው? ከደንገጎ የሚወርድ ውሃ ይህን ሁሉ ደውሎ እስኪጨርስ አይጠብቅም። ተረኛው በሐሰት ቢያስነሳስ? ያስነሳ። እንደዚያ ባጃጅ ሹፌር ይዙርና ያስከፍለን። በሐሰት ማንቂያ ምክንያት ደመወዝ የሚቆረጥበት ተረኛ በሚቀጥለው ሌሊት ስልኩን አያነሳም።

ድሬ ላይ ሰውን ከሁሉ ቀድሞ የሚቀሰቅሰው ድምፅ ደግሞ ሳይረን አይደለም። የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ነው። ባትሪ አለው፣ ሰው አለው፣ በየሰፈሩ አለ። የቤተ ክርስቲያኑም እንደዚያው። ሙአዚኑና ቄሱ የተረኛው ስልክ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ መሆን አለባቸው። ይህ ደግሞ ወጪው የአንድ ምሳ ግብዣ ነው።

ደብተሩ እስከዛሬ እኔ ጋ አለ። መመለስ ነበረብኝ፤ የሚቀበለኝ ጠፋ። ባለፈው ክረምት ቤት ስናጸዳ ወጣ። ገጹ ቢጫ ሆኗል፤ ቢኩ በሌላኛው በኩል ዘልቋል። ገጽ 31 ላይ "ፋጡማ" የሚል አለ። ገጽ 34 ላይ "ፋጢማ" የሚል አለ። የአባት ስም አንድ ነው። "ጎረቤት" በሚለው ዓምድ ሁለቱም ላይ አንድ ስም ተጽፏል። አንዷ ላይ "ተገኘች" የሚል አለ፤ ሌላዋ ላይ ምንም የለም።